አህያዋ ለምን ቆመች? የዘመኑን የእንስሳት ተረት መጻፍ ለምትፈልጉ

እኔ ምኖረው የካ አባዶ ነው፣ ኮንዶሚኒየሙ አልቆ ማሳው ሚጀምርበት ጫፍ ላይ። ውሃ ሲጠፋ፣ እኛ ጋ ሲጠፋ ደሞ ለቀናት ነው፣ አንድ የአስራ ሁለት የአስራ ሶስት አመት ልጅ በአህያ ያመጣልናል። አራት ቢጫ ጀሪካን፣ ሁለት በቀኝ ሁለት በግራ፣ አንዱ 20 ሊትር ስለሚይዝ በጠቅላላው 80 ኪሎ ጀርባዋ ላይ አለ ማለት ነው። ከብሎካችን ወረድ ብሎ በቆርቆሮ የታጠረ ግንባታ አለ። አህያዋ እዛ ቆርቆሮ ጋ ስትደርስ ትቆማለች፣ ጆሮዋን ወደፊት ትቀስራለች፣ አንገቷን ወደ አጥሩ መለስ ታደርጋለች፣ ደቂቃ እንኳን አይሞላም፣ ልጁ "ሂጂ!" ሲላት ትሄዳለች። አንድ ቀን ብቻ አይደለም፣ ሁሌ ነው። ለምንድነው ምትቆመው ብዬ ስጠይቀው ጀሪካኑን እያወረደ ቀና እንኳን ሳይል "ድሮ በዛ ነበራ ወደ ምንጩ ምንወርደው ጋሼ" አለኝ።

ምንጩ ከታጠረ ሶስት አመቱ ነው።

ልጁ ይሄን ከመንገሩ በፊት ሁለት አመት ሙሉ ስለ መሬትና ስለ ትዝታ ልብወለድ ልጽፍ ስታገል ነበር። ደብተሬ ላይ ሀሳብ በሀሳብ ላይ ተከምሯል፣ ነፍስ ያለው ገጽ ግን አንድም የለም። ያን ቀን ማታ አህያዋ ቆርቆሮው ፊት ቆማ ታየችኝና ቁጭ ብዬ እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ጻፍኩ። ከዛ ወዲህ ብዙ ወጣት ጸሐፊዎች "የእንስሳት ታሪክ መጻፍ እፈልጋለሁ ከየት ልጀምር" ሲሉ ምመልሰው አንድ መልስ ነው፣ ካየኸው እንስሳ ጀምር፣ ከመልዕክቱ አትጀምር። የቀረው ሁሉ ከዚህ ነው ሚወጣው፣ እና እንዴት እንደሚሠራ እኔ በሄድኩበት መንገድ ላሳያችሁ።

ብዙዎቻችን ምንሳሳተው እዚህ ጋ ነው። መጀመሪያ ስለ ስልጣን ወይ ስለ ሙስና ምንለውን ነገር እንይዛለን፣ ከዛ አንበሳውን ንጉስ፣ ቀበሮዋን ተንኮለኛ፣ አህያዋን ሞኝ አድርገን እንደረድራቸዋለን፣ ታሪኩ አስር ገጽ ሳይሞላ ይደርቅብናል። ሚደርቀው ለምን መሰላችሁ፣ አንባቢው ሁለተኛው ገጽ ላይ ማን ማን እንደሆነ ካወቀ ሚቀረው ነገር የለም፣ እንቆቅልሹ ተፈታ፣ አገር ስጡኝም አላለም።

እንግሊዛዊው ጸሐፊ ጆርጅ ኦርዌል በ1947 እ.ኤ.አ ለዩክሬንኛው ትርጉም በጻፈው መቅድም ላይ የታወቀው የእንስሳት ልብወለዱ "አኒማል ፋርም" እንዴት እንደመጣለት ይናገራል። ከስፔን ጦርነት ሲመለስ የሶቪየትን ነገር ማንም ሰው በቀላሉ ሚገባው ታሪክ አድርጎ ለመጻፍ አስቦ ነበር፣ ሀሳቡ ነበረው ማለት ነው፣ ግን ታሪኩ ቶሎ አልመጣለትም። ከዛ በሚኖርባት ትንሽ መንደር አንድ የአስር አመት ገደማ ልጅ ትልቅ የጋሪ ፈረስ በጠባብ መንገድ ሲነዳ አየ፣ ፈረሱ ለመዞር በሞከረ ቁጥር ልጁ ይገርፈዋል። እነዚህ እንስሳት ጉልበታቸውን ቢያውቁ እኮ እኛ ምንም አቅም አይኖረንም ብሎ አሰበ። መጽሐፉ የወጣው በ1945 ነው። ልብ በሉ፣ ሀሳቡ ቀድሞ ነበር፣ ግን አንድ ልጅ፣ አንድ አለንጋና አንድ ፈረስ እስኪታዩ ድረስ ሀሳቡ ብቻውን የትም አልሄደም።

ስለዚህ መጀመሪያ ምታደርጉት ነገር ይሄ ነው። አንድ እንስሳ ምረጡ፣ ሰፈራችሁ ውስጥ ያለ፣ በቪዲዮ ያያችሁት አይሁን። ከአዲስ አበባ ዳር ምንኖር ሰዎች በዚህ ታድለናል፣ ጠዋት ከታክሲ ሰልፉ ጎን በጎች ሲነዱ እናያለን፣ ከሉካንዳው በላይ ጭልፊት ይዞራል፣ ማታ ጅቡ ይጮሃል። ለሶስት ሳምንት ያንን አንድ እንስሳ ብቻ ተከታተሉ፣ ጠዋትና ማታ አስር አስር ደቂቃ ይበቃል። ስትጽፉ አንድ ህግ ይኑራችሁ፣ "እንደ" ሚለውን ቃል አትጠቀሙ። "እንደ ሽማግሌ ቆመች" ካላችሁ ገና ሳታዩዋት ተረጎማችኋት። የቱን እግሯን አሳረፈች፣ ዝንብ ሲያርፍባት የቱ ቆዳዋ ተንቀጠቀጠ፣ ጀሪካኑ ሲወርድላት መጀመሪያ ምን አደረገች፣ እሱን ጻፉ። የኛዋ ጭነቱ ሲወርድላት ወዲያው አትንቀሳቀስም፣ ትንሽ ትጠብቃለች፣ ሌላ ሊጫን እንደሆነ ታጣራለች መሰለኝ፣ ከዛ ነው አንገቷን ዝቅ ምታደርገው። ይቺን አንዷን ነገር ለማየት አስራ አንድ ቀን ፈጅቶብኛል።

ከዛ በኋላ የእንስሳውን እውነተኛ ጠባይ አጥኑ፣ ምክንያቱም እዛ ውስጥ እናንተ ፈልስፋችሁ ማታመጡት ታሪክ ተቀምጧል። አህያን ግትር እንላታለን አይደል፣ ግን ፈረስ ሲደነግጥ በርግጎ ሲሮጥ አህያ ስትፈራ መጀመሪያ ትቆማለች፣ ቆማ ነገሩን ትመዝናለች። እኛ ግትርነት ምንለው ጥንቃቄ ነው። አንድ ሙሉ ካራክተር እኮ ነው ይሄ፣ በፈራች ቁጥር ምትቆም፣ በቆመች ቁጥር እምቢተኛ ተብላ ምትመታ።

ጅብንም ውሰዱ። በተረታችን ሁሌ "አያ ጅቦ" ነው፣ ወንድ፣ ሆዳም፣ ተታላይ። ሌሊት ምንሰማው ጅብ ግን እንደዛ አይደለም። የሴቷ አካል ከወንዱ ይበልጣል፣ መንጋውን ምትመራው ሴቷ ናት፣ ልጆች ደረጃቸውን ሚወርሱት ከእናታቸው ነው፣ ግልገሎቹ ሲወለዱም አይናቸው ክፍት ነው። በቃ፣ አያ ጅቦን ከወንበሩ አንሱትና እሜቴ ጅቢትን አስቀምጧት፣ ታሪካችሁ ወዲያው ማንም ያልሄደበት መንገድ ላይ ይገባል፣ ያውም ከተፈጥሮ ሳትወጡ።

ባለፈው ሁዳዴ አንድ ማታ ከጊቢያችን ዘበኛ ጋር ተቀምጠን ነበር፣ አባባ ነው ምንላቸው፣ እዚሁ አካባቢ ተወልደው ያረሱ ሰው ናቸው። ሌላ ጊዜ በዛ ሰዓት ጅቡ ከሉካንዳው ኋላ ካለው ቆሻሻ መጣያ ይጮህ ነበር፣ ያን ማታ ግን ጭር ብሏል።

"አባባ፣ ጅቡ ዛሬ ቀረ?" አልኳቸው።

"ሁዳዴ አይደል ልጄ፣ ሉካንዳው ዝግ ነው፣ እዛ ምን ሊያደርግ ይመጣል?" አሉኝና ጋቢያቸውን ሳብ አደረጉ። "አሁን ነው አህያ በረት ማስገባት።"

እኔ እንዲሁ የአባባ ብልሃት መስሎኝ ነበር፣ ኋላ ሳነብ ነገሩ በጥናትም የተረጋገጠ ሆኖ አገኘሁት። ትግራይ ውስጥ የተሠራና በ2012 እ.ኤ.አ የታተመ ጥናት ነው፣ ተመራማሪዎቹ ከሁዳዴ በፊት፣ በሁዳዴና ከሁዳዴ በኋላ የጅብ ኩስ ሰብስበው ውስጡ ያለውን ጸጉር የየትኛው እንስሳ እንደሆነ ለዩ፣ በጾሙ ጊዜ የአህያው ጸጉር በብዙ ጨምሮ ተገኘ። ሰው ስጋ ሲያቆም የእርድ ትርፍራፊ ይቀንሳል፣ ጅቡ ፊቱን ወደ አህያ ያዞራል። ጾሙ ላይ ምለው ነገር የለም፣ እኔም ጿሚ ነኝ፣ ግን ለጸሐፊ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። 55 ቀን በአንዱ ቤት ሚደረግ መልካም ነገር በማያውቀው በሌላው ደጃፍ ሞት ሆኖ ይደርሳል። ማንም ክፉ ሳይሆን፣ ጅቡም ጭምር፣ ጥፋት ተፈጠረ። ከዚህ በላይ ስለ ዘመናችን ሚናገር ምን ተረት ትፈልጋላችሁ?

እኔ ከዛ ማታ የጻፍኩት ትንሽ ቁራጭ ይሄ ነው፣ እንዴት ከጠባዩ ወደ ታሪክ እንደሚሄድ እንድታዩት፦

ጅቢት ልጆቿን ሰበሰበች። "ከነገ ጀምሮ አጥንት የለም" አለች። "እስከ መቼ?" አላት ትንሹ። "ሌሊት ተሰብስበው እልል እስኪሉ ድረስ።" "ቆጥረሽዋል?" "እናቴ ቆጥራዋለች።" ትንሹ ሆዱን መሬት ላይ አጣብቆ "እስከዛ ምን እንበላለን?" ሲላት ጅቢት መልስ አልሰጠችውም። ቁልቁል አየች፣ አንድ አምፖል ወደሚበራበት፣ ገመድ ወደታሰረበት።

ጾም ሚል ቃል የለም፣ ፋሲካም የለም፣ አህያም አልተባለም። አንባቢያችን ያውቀዋል፣ ያወቀውን ነገር ራሱ ሲሞላው ታሪኩ የሱም ይሆናል። ሰምና ወርቅ ስንል እኮ ይሄንኑ ነው። ግን አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው ወርቁ ላይ ብቻ ይጨነቃል፣ እኔ ግን ሰሙ ነው ዋናው ባይ ነኝ። ሰሙ ብቻውን መቆም አለበት። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ለአስር አመት ልጅ አንብቡለት፣ ልጁ "ከዛስ?" ካላለ ሰሙ ቀጭን ነው፣ ወርቃችሁ የፈለገ ቢከብድ አይሸከመውም። እኔ ለእህቴ ልጅ ነው ማነበው፣ የአህያዋን ስብሰባ ሳነብላት ሁለት ጊዜ ተነስታ ውሃ ልትጠጣ ስትሄድ ያንን ምዕራፍ እንዳለ አወጣሁት። ሲወጣ ያመመው እኔን ብቻ ነበር።

ይሄን መንገድ እኛ ዛሬ አልጀመርነውም፣ የቤታችን ነው፣ ስለዚህ ከውጪ ስትለቅሙ የቤታችሁን እንዳትረሱ። ፊሳልጎስን ፈልጋችሁ አንብቡ፣ ስለ እንስሳት ጠባይ ሚናገር፣ ከግሪክ ወደ ግዕዝ በጥንት ጊዜ የተተረጎመ መጽሐፍ ነው፣ አሠራሩ መጀመሪያ የእንስሳውን ጠባይ ይነግራችኋል፣ ትርጉሙን ከዛ በኋላ ያመጣዋል። ጠባዮቹ ብዙዎቹ በዛሬ እውቀት ልክ አይደሉም፣ ቅደም ተከተሉ ግን ለኛ ሥራ ትልቅ ትምህርት ነው። መጽሐፈ ሄኖክን ደሞ ምዕራፍ 85 እስከ 90 እስቲ እንደ ጸሐፊ ሆናችሁ አንብቡት። ሙሉው ተጠብቆ የቆየው በግዕዝ ብቻ የሆነ መጽሐፍ ነው፣ እዛ ምዕራፎች ላይ ከአዳም ጀምሮ ያለው ታሪክ ሁሉ በእንስሳት ይነገራል፣ አዳም ነጭ በሬ ነው፣ እስራኤል በጎች ናቸው፣ ሚበሏቸው አውሬዎችና አሞሮች ናቸው። አንዱ በሬ ደሞ መሃል ላይ ሰው ይሆንና መርከብ ይሠራል፣ ኖኅ መሆኑ ነው። ለምን ሰው ሆነ? መርከብ ለመሥራት እጅ ያስፈልጋላ! እኔ እዛ ጋ ስደርስ መጽሐፉን ዘግቼ ቆየሁ፣ ምክንያቱም ምሳሌው ሲጠበው ጸሐፊው ሰብሮት ነው የወጣው፣ ህጉን አክብሮ ቆይቶ በምክንያት ሰበረው።

ቲያትራችንም በአውሬ ነው የጀመረው። በጅሮንድ ተክለሐዋርያት ተክለማርያም፣ ልጅ ሆነው ሩሲያ ሄደው የተማሩት፣ የጻፉት "ፋቡላ፣ የአውሬዎች ኮሜዲያ" የአገራችን የመጀመሪያው ዘመናዊ ቲያትር ነው፣ ከፈረንሳዊው ላፎንቴን የእንስሳት ተረቶች ተነስተው በአውሬዎቹ አፍ የቤተ መንግስቱን ሰዎች ተቹበት። በንግስት ዘውዲቱ ጊዜ ነበር፣ ታገደ። አውሬዎቹ ማንንም በስም አልጠሩም፣ ግን ሰሚው ገብቶታል። እና እንስሳ መጻፍ መደበቂያ ነው ሚሉ ሰዎች ይሄን ማሰብ አለባቸው፣ ለመደበቅ ብላችሁ እንስሳ አትምረጡ፣ አይደብቃችሁም። ነገሩ በሰው ሲነገር ማይታይ ሆኖ በእንስሳ ሚታይ ሲሆን ምረጡት።

ዘመናዊ ሚያደርገው ምንድነው ካላችሁ፣ የዚምባብዌዋ ኖቫዮለት ቡላዋዮ ጥሩ ምሳሌ ናት። ሮበርት ሙጋቤ በኖቬምበር 2017 እ.ኤ.አ ከስልጣን ሲወርድ ያየችውን ነገር በ2022 ባወጣችው ልብወለድ በእንስሳት ነው የነገረችው፣ አገር ሚገዛው አሮጌ ፈረስ ነው፣ እንስሳቱ ሶሻል ሚዲያ ላይ ይከራከራሉ። ስልክ ስለያዙ ብቻ ግን አይደለም ዘመናዊ የሆነው፣ ዘመናዊ የሆነው ሚፈሩት ነገር የዛሬ ስለሆነ ነው። እናንተም የራሳችሁ እንስሳ ዛሬ ምን ትፈራለች ብላችሁ ጠይቁ። ቢሾፍቱ ተከፍቶ የነበረውን የአህያ ቄራ ታስታውሳላችሁ፣ ህዝቡ ተቃውሞ በ2017 እ.ኤ.አ ተዘጋ፣ ቆዳው ወደ ቻይና ለመድኃኒት ይፈለግ ነበር። አስቡት፣ አያት ቅድመ አያቶቿ ጭነትና ጅብ ብቻ ሲፈሩ የኖሩ አህያ አንድ ቀን ከጉልበቷ ቆዳዋ እንደሚበልጥ ስትሰማ። ይሄ የድሮ ተረት ላይ የለም፣ የኛ ዘመን ነው።

የዓለማችሁን ህግ ከመጻፋችሁ በፊት ወስኑ፣ ረጅም መሆን የለበትም። ሰዎች አሉ ወይስ የሉም? ካሉ እንስሳቱ ንግግራቸውን ይሰማሉ? በዪውና ተበዪው እንዴት ነው ሚያወሩት? የኔ ዓለም ውስጥ ሰዎች አሉ ግን ከወገብ በታች ብቻ ናቸው፣ አህያዋ ምታየው ጫማና ዱላ ነው፣ ንግግራቸው ሚገባት ሶስት ቃል ብቻ ነው፣ "ሂጂ"፣ "ቁሚ" እና ስሟ። ይሄን ከወሰንኩ በኋላ ግማሹ ጽሑፍ ራሱን ጻፈ ማለት እችላለሁ፣ ምክንያቱም ምን ማታውቅ እንደሆነ አወቅኩ።

ለንግግራቸው ደሞ አንድ ልምምድ አለ፣ እጅግ ነው ምወደው። ተረትና ምሳሌዎቻችንን ውሰዱና ከእንስሳው ወገን ሆናችሁ ገልብጧቸው። "የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም" እንላለን፣ አህዮች ግን ስለኛ ምን ይተርታሉ? "ጅብ እስኪነክስ ያነክሳል" ሚለውን ጅቦች ለልጆቻቸው እንደ ምክር ነው ሚነግሩት ወይስ እንደ ስድብ ይከፋቸዋል? "ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር" ብለን ምንጀምረውን አህያዋ ሰምታ ብትጨርሰው ምን ብላ ትጨርሰዋለች? አንድ ማታ ሃያ ተረት ገልብጡ፣ አስራ ስምንቱ አይሆኑም፣ ሁለቱ ግን የካራክተራችሁን ድምጽ ይሰጧችኋል።

አሁን ምለውን ግን እባካችሁ በጥሞና አንብቡት። እንስሳን ለብሔር፣ ለሃይማኖት፣ ለአንድ አካባቢ ህዝብ አትስጡ። ጅቦቹ እነዚህ ናቸው፣ በጎቹ እኛ ነን ሚል ታሪክ አትጻፉ፣ ብትጽፉም አታውጡት። ሩዋንዳ ውስጥ በ1994 እ.ኤ.አ ሬዲዮ ላይ ቱትሲዎች በረሮ ይባሉ ነበር፣ ከዛ የሆነውን ዓለም ያውቃል። በኛም አገር ሰውን በአውሬ ስም መጥራት ምን እንዳስከተለ ያላየ የለም፣ ቁስሉ ገና አልደረቀም። እንስሳ ለሥራ፣ ለባህሪ፣ ለሁኔታ ይቁም፣ ለዘር አይቁም። ለማጣራት እንዲህ አድርጉ፣ በታሪካችሁ ውስጥ እያንዳንዱ ዝርያ ውስጥ ቢያንስ አንድ ደግና አንድ ክፉ አለ ወይ ብላችሁ ቁጠሩ። ከሌለ ዝርያውን ህዝብ አድርጋችሁታል ማለት ነው፣ ተመለሱና አስተካክሉ። እኔ የመጀመሪያው ድራፍቴ ላይ ውሾቹ በሙሉ ከሃዲ ሆነው አገኘኋቸውና ሌሊት ማትጮህ አንድ ውሻ ጨመርኩ፣ አሁን ከሁሉም ምወዳት እሷን ነው።

ስለ ርዝመት፣ ስለ ምዕራፍ ብዛት ብዙ አትጨነቁ፣ የእንስሳ ታሪክ ሲረዝም ይሰለቻል ስለዚህ ከ150 ገጽ በታች ያዙት። ስትጽፉ ጮክ ብላችሁ አንብቡ፣ ተረት የጆሮ ነው። መጨረሻው ላይ ደሞ "ስለዚህ ልጆች" ብላችሁ ትምህርት አትለጥፉ፣ አያቶቻችን እንኳን "ተረቴን መልሱ አፌን በዳቦ አብሱ" ብለው ነው ሚዘጉት፣ ዳቦ ነው የጠየቁት።

ጽሑፉ አልሄድ ሲላችሁ ከጠረጴዛው ተነሱና ወደ እንስሳው ተመለሱ። እኔ ሰባተኛው ምዕራፍ ላይ ወር ሙሉ ቆሜ ነበር፣ አህያዋ ስለ ምንጩ ለማን ትናገር ሚለው ጠፍቶብኝ። ባለፈው ሳምንት ውሃ ጠፍቶ ልጁ መጣ፣ አህያዋ ወልዳ ኖሮ ውርንጭላዋ ከኋላ ትከተላለች፣ ጀሪካን የለባትም፣ እግሯ ቀጫጭን ነው። ቆርቆሮው ጋ ሲደርሱ እናትየው እንደ ሁልጊዜው ቆመች፣ ውርንጭላዋም አጠገቧ ቆመች፣ ጆሮዋን ወደ አጥሩ ቀሰረች። ምንጩን አይታው አታውቅም። ልጁ "ሂጂ!" ሲል እናትየው ሄደች፣ ውርንጭላዋ ግን ትንሽ ቆየች።

ሰባተኛውን ምዕራፍ ከእናትየው አፍ አውጥቼ ለውርንጭላዋ ሰጠኋት። ዛሬ ጠዋት አራት ገጽ ሄደልኝ።